ካቡን ማን ይጠግነዋል? ከዶውሮ የወይን ተራሮች የተቀሰመ ትምህርት



ለዛሬው ንግግሬ የመረጥኩት ርእስ ከአንድ የመሬት አያያዝ መምህር የማይጠበቅ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። የምናገረው ስለ አንድ የወይን አገር፣ በሰሜን ፖርቱጋል ስለሚገኘው ስለ ዶውሮ ሸለቆ ነው። ስሙ በእኛ ጆሮ «ዶሮ»ንም «ድሮ»ንም ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የወንዝ ስም ነው። በ1998 ለዶክትሬት ጥናቴ ወደ ስፍራው ከሄድኩበት ጊዜ አንሥቶ አሥራ አንድ ጊዜ ተመልሼበታለሁ። አንዳንዱ ጉዞ ለምርምር፣ አንዳንዱ ለጉባኤ ነበር፤ ሁለቱ ግን ስፍራው ስለናፈቀኝ ብቻ ያደረግኋቸው ናቸው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እንድታስተውሉልኝ እጠይቃለሁ።

ላስረዳችሁ የምሻው ነገር አንድ ነው። በሰው እጅ የተሠራ ተራራ ተጠብቆ የሚኖረው በየዓመቱ ወደ እርከኑ ተመልሶ የወደቀውን ካብ የሚያነሣ ሰው እስካለ ድረስ ነው። ያ ሰው ለድካሙ ተገቢውን ዋጋ ካላገኘ፣ ዐዋጅም ሆነ ዓለም አቀፍ ዝና ተራራውን አያቆመውም። ይህን ያስተማረኝ ወደ አንድ ስፍራ ደጋግሞ መመለስ ነው።

በመጀመሪያ ስፍራውን ላስተዋውቃችሁ። የዶውሮ ወንዝ ከስፔን ተነሥቶ ወደ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ በፖርቶ ከተማ አጠገብ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ ይገባል። የወይኑ አገር የሚጀምረው ከፖርቶ በስተምሥራቅ ነው። በምዕራብ በኩል ከ1,400 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የማራውን ተራራ እንደ ግድግዳ ቆሞ የውቅያኖሱን ዝናብ ይከለክላል። በዚህም የተነሣ በሸለቆው ምዕራባዊ ጫፍ በዓመት ወደ 900 ሚሊ ሜትር የሚደርሰው ዝናብ፣ ወደ ስፔን ድንበር ሲቃረብ ከ500 ሚሊ ሜትር በታች ይወርዳል። የበጋው ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሚያልፍበት ቀን ጥቂት አይደለም። የአገሩ ሰዎች የአየር ጠባያቸውን «ዘጠኝ ወር ክረምት፣ ሦስት ወር ሲኦል» እያሉ ይቀልዱበታል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን አፈሩ ነው። ተዳፋቱ በአብዛኛው ሺስት የሚባል፣ እንደ መጽሐፍ ገጽ በስስ ንጣፍ የሚሰነጠቅ ድንጋይ ነው። በብዙ ስፍራ ለመትከያ የሚበቃ አፈር ስላልነበረ፣ ሰዎቹ ድንጋዩን በድጅኖና በመዶሻ፣ አንዳንዴም በባሩድ እየሰበሩ አፈሩን ራሳቸው ሠሩት። ከስብርባሪው ትልልቁን ለካብ አዋሉት፤ ደቃቁን ከካቡ ጀርባ ሞልተው የወይን ግንድ ተከሉበት። የሥነ አፈር ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን በሰው እጅ የተፈጠረ አፈር ለብቻው ይመድቡታል። የወይኑ ሥር በድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ወደ ታች እየጠለቀ እርጥበት ይፈልጋል፤ ካቡም ቀን የተቀበለውን ሙቀት ሌሊት ለግንዱ ይመልሳል።

የካቡን አሠራር ጥቂት ላብራራ፤ የንግግሬ ሁሉ መሠረት እርሱ ነውና። ካቡ ያለ ጭቃና ያለ ሲሚንቶ ይካባል። ትልልቁ ድንጋይ ከታች፣ በጽኑ ዓለት ላይ ይቀመጣል። ካቡ ወደ ላይ ባደገ ቁጥር ወደ ተዳፋቱ ጥቂት እንዲያዘነብል ይደረጋል። በየመካከሉ ፊቱን ከጀርባው የሚያስሩ ረጃጅም ድንጋዮች ይገባሉ፤ ከኋላው ጠጠር ይሞላል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለውኃ ሲባል ነው። ዝናብ ሲበረታ ውኃው በድንጋዮቹ መካከል ሾልኮ ይወጣል፤ አፈሩ ግን ይቀራል። በሲሚንቶ የተለሰነ ግንብ ማስተንፈሻ ካልተበጀለት ውኃው ከኋላው ተጠራቅሞ ይገፋዋል። እርስ በርስ የተደጋገፈው ካብ ውኃውን እያሳለፈ ይቆማል፤ ሆኖም ዘወትር ክትትል ይሻል። አንድ ድንጋይ ሲነቀል ሌሎቹ ይላላሉ፤ ካቡ ሆድ ያወጣል፤ በሚቀጥለው ክረምት ደግሞ ይናዳል።

አሁን ወደ ታሪኩ እንለፍ። ከዚህ ሸለቆ የሚወጣው ዝነኛ መጠጥ ፖርት ይባላል። የወይኑ ጭማቂ መፍላቱን ሳይጨርስ ጠንካራ የወይን አረቄ ስለሚጨመርበት ፍላቱ ይቆማል፤ ጣፋጭነቱም ሳይጠፋ ይቀራል። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይህ ወይን በእንግሊዝ ገበያ እጅግ ተፈላጊ ነበር። ትርፉ ማጭበርበርን አመጣ፤ ከሌላ ስፍራ የመጣ ወይን ይቀላቀል፣ ቀለሙም በሌላ ፍሬ ጭማቂ ይደምቅ ጀመር። ዋጋው ሲወድቅ፣ በኋላ ማርኬስ ደ ፖምባል ተብለው የታወቁት የፖርቱጋል ሚኒስትር በ1756 ንግዱን የሚቆጣጠር ኩባንያ አቋቋሙ፤ የወይኑን አገር ወሰንም በ335 የግራናይት ምሰሶዎች አስከለሉ። ከእነዚህ ምሰሶዎች ብዙዎቹ ዛሬም ቆመው ይታያሉ። ዶውሮ በዚህ ሁኔታ በሕግ ወሰን ከተበጀላቸው ከዓለም ቀደምት የወይን አገሮች አንዱ ለመሆን በቃ። ይሁን እንጂ ዐዋጁ ሁለት ፊት ነበረው። ኩባንያው ባገኘው ብቸኛ የመነገድ መብት የተቆጡ የፖርቶ ሰዎች በ1757 ሲያምፁ፣ በብዙዎች ላይ የሞት ፍርድ ተፈጸመባቸው። ለአንዱ ጥበቃ የሆነው ወሰን ለሌላው አጥር ነበር።

ከመቶ ዓመት በኋላ ሌላ መከራ መጣ። ፊሎክሴራ የተባለች ከሰሜን አሜሪካ የመጣች ጥቃቅን ተባይ ከ1860ዎቹ ጀምሮ የአውሮፓን ወይን ከሥሩ እየመጠጠች ታደርቀው ጀመር። ዶውሮም አልዳነም። መፍትሔ ሆኖ የተገኘው ተባይዋን መቋቋም በሚችል የአሜሪካ ወይን ሥር ላይ የአውሮፓን ቀንበጥ አጣብቆ ማብቀል ነው። እስከዚያው ግን እጅግ ብዙ እርከን ተጥሎ ቀረ። ፖርቱጋላውያን እነዚህን እርከኖች «ሙታን» የሚል ትርጉም ካለው ቃል በወጣ ስም ይጠሯቸዋል። ዛሬ ወይራና ቁጥቋጦ በቅሎባቸው ከሕያው የወይን እርሻ ጎን ለጎን ይታያሉ።

እንግዲህ ዓይኑ የለመደ ሰው ተዳፋቱን እንደ መዝገብ ቤት ያነብበዋል። ጠባቡና ያልተስተካከለው እርከን፣ በካቡ ፊት ላይ ግንድ የሚተከልበት ቀዳዳ ያለው፣ ከፊሎክሴራ በፊት የተሠራ ነው። ሰፋ ብሎ ቀጥ ያለ ካብ ያለው ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው፤ ለዚህ ሥራ ከስፔን ግዛት ከጋሊሲያ የመጡ ድሃ ሠራተኞችም ብዙ ደክመዋል። ካብ የሌለው፣ በአፈር ቁልል ብቻ የተደገፈው ሰፊ እርከን ደግሞ በተለይ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በቡልዶዘር የተቆረጠ ነው። ትራክተር ያስገባል፤ የሰው ጉልበት ይቆጥባል፤ ነገር ግን የአፈሩ ቁልል ራሱ ሣር ካልያዘ በዝናብ ይሸረሸራል።

እስካሁን ያልኩትን አንድ ጎብኚ በአንድ ሳምንት ሊማረው ይችላል። አንድ ሳምንት የማይበቃው የሚከተለውን ለማየት ነው። በመጀመሪያ ጉዞዬ ወቅት በሥራዬ ክልል ካሉት እርከኖች አርባውን መርጬ ፎቶግራፍ አነሣሁ። በተመለስኩ ቁጥር ከዚያው ቦታ ቆሜ ደግሜ አነሣኋቸው። በየሁለት ዓመቱ የሚታየው ለውጥ ኢምንት ነው፤ አንድ ድንጋይ ወድቋል፣ አንድ ካብ ሆድ አውጥቷል። ፎቶግራፎቹን በሃያ ዓመት ርቀት ጎን ለጎን ስታስቀምጧቸው ግን ሰው የቀረበትና ሰው የሄደበት እርከን ወዲያው ይለያል። በጥሩ ሁኔታ የቆሙት ካቦች ከሁሉ ይልቅ በጥበብ የተካቡት አልነበሩም። ባለቤቱ በአቅራቢያው የሚኖርባቸው፣ ከክረምት በኋላ ድጅኖውን ይዞ የሚዞርባቸው ናቸው።

ቤታቸው በተደጋጋሚ ያሳደሩኝ አንድ አዛውንት ነበሩ፤ ስማቸውን አልጠቅስም። እኚህ ሰው ካብ የሚፈርሰው ዝናብ ሲበዛ ሳይሆን ሰው ሲያንስ ነው የሚል እምነት ነበራቸው። በወጣትነታቸው ካብ መካብን ከአባታቸው ተምረዋል፤ ልጆቻቸው ግን አንዱ ፖርቶ፣ አንዷ ፈረንሳይ ናቸው። በመጨረሻ ባየኋቸው ጊዜ ወይኑን የለቀሙላቸው ከእስያ የመጡ ወጣቶች ነበሩ። ሠራተኞቹ ትጉህ ነበሩ፤ ነገር ግን የሚቀጠሩት ለለቀማው ሳምንታት ብቻ ነው። ካቡን ደግሞ በለቀማ ሳምንት ማንም አይጠግነውም።

ሰው ለምን አነሰ? መልሱ ከገበያው ሥርዓት ጋር የተያያዘ ነው። በዶውሮ እያንዳንዱ የወይን ማሳ ከ«ሀ» እስከ «ረ» ብለን ልንተረጉመው በምንችል የስድስት ደረጃ መለኪያ ይመዘናል። ከፍታው፣ ተዳፋትነቱ፣ የፀሐይ አቅጣጫው፣ የድንጋዩ ዓይነት፣ የግንዱ ዕድሜና የመሳሰሉት ነጥብ ይሰጣቸዋል። በነጥቡ መሠረት ገበሬው በዚያ ዓመት ስንት ወይን ለፖርት እንደሚያቀርብ ፈቃድ ያገኛል፤ ፈቃድ ያለው ወይን ከሌለው የተሻለ ዋጋ ያወጣል። ጠቅላላው መጠን በየዓመቱ የሚወሰን ሲሆን 550 ሊትር በሚይዝ በርሜል ይቆጠራል። በ2024 የተፈቀደው 90,000 በርሜል ነበር፤ በ2025 ወደ 75,000 ወረደ። የፖርት ገበያ ሲቀዘቅዝ ጉዳቱ መጀመሪያ የሚያርፈው በአነስተኛው ገበሬ ላይ ነው፤ አብዛኞቹም አነስተኞች ናቸው።

ይህን መለኪያ ስመረምር ከሁሉ በላይ የከነከነኝ አንድ ጉድለት ነው። ከመመዘኛዎቹ መካከል የካቡ ደኅንነት የለበትም። ካቡን በጥንቃቄ የያዘ ገበሬና ያስፈረሰ ገበሬ፣ ሌላው ሁሉ እኩል ከሆነ፣ እኩል ነጥብ ያገኛሉ። ተራራው ሲፈጠር ከሁሉ የበለጠ ጉልበት የፈሰሰበት ነገር በወይኑ ዋጋ ውስጥ አይታይም።

በ2001 ዩኔስኮ ከዚህ አገር 24,600 ሄክታሩን በዓለም ቅርስነት መዘገበ። ለመመዝገብ ያበቃውም ሕያው፣ በየዘመኑ የሚለወጥ መልክዐ ምድር መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲህ በወንዙ ላይ የሚመላለሱት የጎብኚ መርከቦች በርክተዋል፤ ሆቴሎችም ተከፍተዋል። ለካብ ጥገና የሚውል የድጎማ ገንዘብም ተመድቦ ያውቃል። ይህን አላቃልለውም። ነገር ግን ከመርከብ ሆኖ እርከኑን የሚያደንቀው ጎብኚ የሚከፍለው ገንዘብ ለመርከቡ ባለቤት እንጂ ለካቡ ባለቤት አይደርስም። ለዓይን የሚማርከውን የሠራው ሰው ከውበቱ ገበያ ውጭ ቀርቷል።

ይህ ጉዳይ ለእኛ ምን ይመለከተናል ለምትሉ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ሂዱና ኮንሶን እዩ። በ2011 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የኮንሶ መልክዐ ምድር ከ400 ዓመት በላይ፣ ማለትም ሃያ አንድ ትውልድ የዘለቀ የድንጋይ ካብ ባህል ነው። እስከ አምስት ሜትር የሚደርሱ ካቦች አሉት። አዝመራው በዋናነት ማሽላ እንጂ ወይን አይደለም፤ የውኃውና የድንጋዩ ሕግ ግን አንድ ነው። ኮንሶን ያቆመው በየትውልዱ የተላለፈ የጋራ ሥራና የጎረቤት ግዴታ ነው። ወጣቱ ለሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ ሲሄድ እዚያም የሚጎድለው ያው እጅ ነው።

በሌሎች ደጋማ አካባቢዎቻችን ደግሞ በየዓመቱ፣ በተለይ በጥርና በየካቲት፣ ሕዝቡ በዘመቻ ወጥቶ እርከን ይሠራል። ድካሙ ታላቅ ነው፤ ክብርም ይገባዋል። ሆኖም በሪፖርታችን ውስጥ የምንቆጥረው አዲስ የተሠራውን ኪሎ ሜትር ነው። ከአምስት ዓመት በፊት የተሠራው ዛሬ ቆሞ እንደሆነ፣ ማን እንደጠገነውና ለጠገነው ምን እንደተከፈለው የሚገልጽ ዓምድ በቅጾቻችን ላይ እምብዛም አይገኝም። እርከን የመሥራት ዘመቻ አለን፤ እርከን የመንከባከብ ደመወዝ ግን የለንም።

ስለዚህ ሁለት ነገር አሳስባለሁ። የመጀመሪያው ለፖሊሲ አውጪዎች ነው፤ የእርከን ጥገና በበጀት ውስጥ የራሱ መስመር ይኑረው፣ ካብ የመካብ ሙያም እንደ ግንበኝነት ሁሉ ሥልጠናና ክፍያ የሚያስገኝ ሙያ ሆኖ ይታወቅ። ሁለተኛው ለእናንተ ለተማሪዎቼ ነው። የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ጨርሳችሁ ስትወጡ የጥናት ሥፍራችሁን አትርሱት። ሩቅና ውድ መሆን የለበትም፤ አንድ ቀበሌ፣ አንድ ሸንተረር ይበቃል። ፎቶግራፍ ያነሣችሁበትን ድንጋይ በካርታ ላይ መዝግቡት፤ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ እዚያው ቁሙ። የገበሬውንም ቤት አንኳኩና ካቡን ማን እንደጠገነው ጠይቁ። በአሥር ዓመት ውስጥ ማንም መጽሐፍ ያልያዘው መረጃ በእጃችሁ ይሆናል፤ ገበሬውም ስለ ድካሙ የሚመሰክርለት ሰው ያገኛል።