«አያመኝም» ብላችሁ አትግቡ

ወንዶች እባካችሁ አትውጡ፤ ነገሩ የሚስቶቻችሁና የእናቶቻችሁ ነው።

ዛሬ ልናገር ብዬ የጠየቅሁት እኔው ነኝ። ከመካከላችን አንዲት እህት አለች፤ ሆም ኬር ትሠራለች። ቀኝ ጡቷን አንድ ቦታ ላይ ለይቶ ያቃጥላት ነበር። ኢንሹራንስ አላት፤ ግን ከኪሷ የምትከፍለው ዲዳክተብል ከባድ ነው። ለምታምናት ጓደኛዋ ስትነግራት «ለዓመታዊ ምርመራ ነው የመጣሁት በይ፤ ሕመም ካነሳሽ ያስከፍሉሻል» አለቻት። ጓደኛዋ ይህን ያለቻት ለክፋት አይደለም፤ እሷም ቀደም ሲል የማትችለው ቢል መጥቶባት ነበር። እህታችን ቅጹ ላይ ሕመም የለኝም ብላ ሞላች። ደህና ነሽ የሚል ደብዳቤም መጣላት። ሕመሙ ግን አልተዋትም። «ብርድ መቶኝ ነው፣ በሽተኛ ሳነሳ ተወጥሮ ነው» እያለች ከረመች። ከወራት በኋላ እጢውን ገላዋን ስትታጠብ ራሷ አገኘችው። አሁን ኬሞ ላይ ናት። ሕመሙ ከእጢው ይሁን ከሌላ ነገር፣ ሐኪሞቹ በእርግጠኝነት አልነገሯትም። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ያ ቦታ ያኔ ተለይቶ አለመታየቱ ነው።

የጓደኛዋ ምክር ከሜዳ የመጣ አይደለም። እዚህ አሜሪካ አብዛኛው ኢንሹራንስ ምልክት ለሌላት ሴት የሚደረገውን ስክሪኒንግ ማሞግራም፣ ማለትም የጡት ራጅ፣ ያለ ክፍያ ይሸፍናል። ሕመም ወይም እብጠት አለኝ ካላችሁ ግን ምርመራው ዳያግኖስቲክ ይሆናል፤ ያኔ ክፍያ ሊመጣ ይችላል። አንዳንድ ስቴቶች ይህንንም ክፍያ በሕግ አስቀርተዋልና ከቀጠሮው በፊት ኢንሹራንሳችሁ ጋ ደውላችሁ ጠይቁ። ልዩነቱ የገንዘብ ብቻ አይደለም። ስክሪኒንጉ ለሁሉም ሴት አንድ ዓይነት ፎቶ ነው። ዳያግኖስቲኩ ያመማችሁን ቦታ ለይቶ ያያል፤ ብዙ ጊዜ አልትራሳውንድም ይጨመርበታል። ጡቷ ጥቅጥቅ ያለ ሴት ደግሞ እጢ በማሞግራም ላይ ሊደበቅባት ይችላል። ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ የማሞግራም ማዕከሎች ጡታችሁ ጥቅጥቅ ያለ መሆን አለመሆኑን በደብዳቤ እንዲያሳውቁ ተገደዋል። ያንን ደብዳቤ ሳታነቡ አትጣሉት።

አሁን ፊታችሁ ላይ ፍርሃት አያለሁ። አብዛኛው የጡት ሕመም ካንሰር አይደለም። ሁለቱንም ጡት ከብዶ የሚያምና የወር አበባ ሲመጣ የሚለቅ ከሆነ የሆርሞን ነው። ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢትም ያማል። የምታጠባ እናት ትኩሳትና መቅላት ካላት ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላልና ቶሎ ትታይ። ዕቃ ወይም ሰው በማንሳት የሚሠሩ ደግሞ ጡቴ ነው ሲሉ የጎድን አጥንታቸው ወይም የደረታቸው ጡንቻ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ሕመሙ መቼ እንደሚመጣና የት እንደሆነ ለሁለት ወር ያህል መጻፍ ሐኪሙን በጣም ይረዳዋል። እጢ ወይም የብብት እብጠት ካለ፣ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ ከገባ ወይም ደም ከፈሰሰው፣ ቆዳው ከቀላ ወይም እንደ ብርቱካን ልጣጭ ከሆነ ግን ሁለት ወር አትጠብቁ። አንድ ቦታ ላይ ለይቶ የማይለቅ ሕመምም መታየት አለበት።

አዎ፣ እማማ፣ ይጠይቁ። ቡና ልተው ወይ ነው ያሉት? ቡና መተው ሕመሙን እንደሚያስወግድ ጠንካራ ማስረጃ የለም። ይጠጡ፤ ግን ይመርመሩ። የማሞግራም ጨረሩ? በጣም ትንሽ ነው፤ በእሱ ምክንያት አይቅሩ። ከ40 ዓመት ጀምሮ እስከ 74 በየ2 ዓመቱ መታየት ይመከራል።

ወንድሜ፣ ኢንሹራንስ የሌላትስ ያልከው ትልቁ ጥያቄ ነው። ከ1991 ጀምሮ በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ የጡትና የማኅፀን በር ካንሰር ምርመራ ፕሮግራም በ50ዎቹም ስቴቶችና በዲሲ አለ። ኢንሹራንስ ለሌላት ወይም ላልበቃት ነው። የገቢው ጣሪያ እስከ ድህነት መስመሩ 250 በመቶ ይደርሳል። በ2025 መስመሩ ለ4 ሰው ቤተሰብ 32,150 ዶላር ነበር፤ ስለዚህ ጣሪያው ከ80 ሺህ ዶላር በላይ ሊሆን ይችላል። ይህን ስሰማ ደነገጥኩ፤ ብዙዎቻችን ከዚያ በታች ሆነን ሳለ አይገባንም ብለን ቁጭ ብለናል። የዕድሜና የሌላው መስፈርት በየስቴቱ ስለሚለያይ ለስቴታችሁ ጤና ቢሮ ደውሉ። ካንሰር ከተገኘም በ2000 የወጣ ሕግ ስቴቶች ሕክምናውን በመንግሥት ኢንሹራንሱ በሜዲኬይድ እንዲሸፍኑ ፈቅዷል።

በገቢ ልክ የሚያስከፍሉ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎችም አሉ። የደመወዝ ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። ኢመርጀንሲ ግን ለቆየ የጡት ሕመም ትክክለኛው በር አይደለም። ልብን ይመረምራሉ፣ ወደ ቤት ይልካሉ፤ ማሞግራም አብዛኛውን ጊዜ እዚያ አይነሳም፤ ቢሉ ግን ይመጣል። ደረትን የሚጫን፣ ትንፋሽ የሚያሳጥር፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም ከሆነ ብቻ ስለ ቢል ሳታስቡ 911 ደውሉ።

ቢል ሲመጣስ? አትደብቁት። ለትርፍ ያልቆሙ ሆስፒታሎች የክፍያ እርዳታ ደንብ እንዲኖራቸው በሕግ ይገደዳሉ፤ ከመጀመሪያው ቢል ጀምሮ ቢያንስ 240 ቀን ማመልከት ይቻላል። ኢንሹራንስ ከሌላችሁ ከቀጠሮው በፊት የዋጋ ግምት በጽሑፍ ጠይቁ፤ ቢሉ ከግምቱ በ400 ዶላር ወይም በላይ ቢበልጥ መከራከር ትችላላችሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። የ12 ዓመት ልጅ ለእናቱ ሲያስተረጉም አይቻለሁ። ስለ ጡቷ ሲጠይቋት አንገቷን ደፍታ «ደህና ነኝ» አለች። በልጇ ፊት ምን ትበል? የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታልና ክሊኒክ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት። ቀጠሮ ስትይዙ «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» በሉ፤ ልጆቻችሁን ውጭ አስቀምጡ።

ከእናንተ መካከል አሁን የሚያማት ካለች ሳትሄድ ታናግረኝ። ስልኩን አብረን እንደውላለን፤ ቅጹንም አብረን እንሞላለን፤ ሕመሙንም እንዳለ እንጽፈዋለን።