አንቀልባ ላይ ያለው ተማሪ



ዛሬ የሕፃናት ተንከባካቢዎች የሚመረቁበት ይህ አዳራሽ ከሾላ ገበያ ብዙ አይርቅም። እዚያ በዚህ ሰዓት ልጇን በአንቀልባ አዝላ ሽንኩርት የምትመዝን እናት አትጠፋም። ልጁ ከእንቅልፉ ይነቃና ጣቱን ወደ ቲማቲሙ ይቀስራል። እናቱ ዘወር ብላ «አየኸው? ቲማቲም እኮ ነው፤ ቀይ ቲማቲም» ትለዋለች። «ቲ» ይላል። «ጎበዝ፣ የኔ ጌታ!» ብላ ወደ ሚዛኗ ትመለሳለች።

ትምህርት ማለት ይህ ነው። ሕፃን ሲወለድ የአእምሮው ክብደት የአዋቂውን ሩብ ያህል ነው፤ 5 ዓመት ሲሞላው 90 በመቶ ገደማ ይደርሳል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በነርቭ ሴሎች መካከል በየሰከንዱ ከ1 ሚሊዮን በላይ አዳዲስ ግንኙነቶች ይፈጠራሉ። ደጋግመው የሚሠሩት ይጠነክራሉ፤ የማይሠሩት እየከሰሙ ይሄዳሉ። ጠቁሞ መልስ የሚያገኝ ልጅ ደግሞ ይጠቁማል። መልስ ያጣ ልጅ ግን ውሎ አድሮ ዝም ይላል፤ ቤተሰብም «ጨዋ ልጅ ነው» ብሎ ያመሰግነዋል። ይህ በጣም ያሳዝናል።

በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በጃማይካ ዋና ከተማ በኪንግስተን፣ ሳሊ ግራንታም ማክግሬገር የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው የቀነጨሩ 129 ሕፃናትን ይዘው ጥናት ጀመሩ። የጤና ሠራተኞች ለ2 ዓመት በየሳምንቱ የከፊሎቹን ቤት እያንኳኩ፣ እናቶች በቤት በተሠሩ መጫወቻዎች ከልጆቻቸው ጋር እንዲጫወቱና እንዲያወሩ አሳዩ። ልጆቹ ከ20 ዓመት በኋላ ሲፈለጉ፣ በዚህ መንገድ የታገዙት ካልታገዙት እኩዮቻቸው 25 በመቶ የሚበልጥ ገቢ ነበራቸው።

ይህ ለኢትዮጵያ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። የመንግሥት የሰቆጣ ቃል ኪዳንም በ2007 ዓ.ም. የታወጀው መቀንጨርን ለማስቀረት ነው። ምግቡ ሳይሟላ ጨዋታው ብቻውን አይበቃም፤ ሆዱ የጠገበ፣ የሚያዋራው ያጣ ልጅም ጎደሎ አለበት።

የሾላዋ እናት ፍቅር አልጎደላትም። ያጠራት ጊዜና ቦታ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለተቀጠረች እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ይሰጣታል፤ ጉልት ቸርቻሪዋ ግን ቀጣሪ የላትምና በአራስ ቤቷ ሳትጠና ወደ ገበያ ትመለሳለች። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በቀዳማይ ልጅነት ልማት ፕሮግራሙ ወላጆችን ቤት ለቤት ማማከርና የሕፃናት ማቆያዎችን መክፈት መጀመሩ ትክክለኛ መንገድ ነው። ማቆያው ግን ከገበያው ርቆ ከተሠራ ለእሷ እንደሌለ ይቆጠራል።

የዛሬ ተመራቂዎች የሚረከቡት እንግዲህ የዚህችን እናት ልጅ ነው። ልጅ ንጹሕ ሆኖ፣ በልቶና ተኝቶ ቢውል ሥራቸው ገና ግማሽ ነው። ዳይፐር ሲቀይሩ ያዋሩት፤ ሲያጎርሱት የምግቡን ስም ይንገሩት፤ ኩኩሉ ያጫውቱት፤ ማታ ተረት እንዲነግረው አባቱንም ይምከሩ። ቴሌቪዥን ፊት አስቀምጠው አይሂዱ።

ለከተማው አስተዳደርና ለባለሀብቶችም አደራ አለ፦ በሾላም ሆነ በሌሎች ገበያዎች፣ እናቶቹ ለማጥባት በእግር ደርሰው የሚመለሱባቸውን ማቆያዎች ክፈቱ፤ እነዚህንም ተመራቂዎች በተገቢ ደመወዝ ቅጠሯቸው።