ለሐረግ አትክልት መወጣጫ ስለ መሥራት

የተከበራችሁ እናቶች፣ የየቲም አሳዳጊዎችና ወጣቶች፤ የጓሮ አትክልት አልሙ ብለን በመከርን ቁጥር የሚቀርብልን መልስ «መሬቱ የት አለና?» የሚል ነው። መልሱ እውነትነት አለው። አንድ እግር ዱባ በመሬት ላይ ከተለቀቀ የልጆቹን መጫወቻና የልብስ ማስጫውን ሳይቀር በቅጠሉ ይሸፍናል። ይሁን እንጂ ሐረግ በተፈጥሮው የሚይዘው ነገር ካገኘ ወደ ላይ መውጣትን ይሻል። ሁለት ሜትር ያህል ከፍታ ያለው መወጣጫ ከተሠራለት የአንድ ክንድ ስፋት ያለው መደብ ይበቃዋል። የቀረውን ቦታ የሚያገኘው ከሰማይ ነው፤ በሰማይ ላይ ደግሞ እስካሁን ኪራይ የጠየቀ የለም።

አሠራሩ ጥንታዊ ነው። ቅዱስ ቁርኣን በሱረቱል አንዓም 141ኛ አንቀጽ ስለ አትክልት ስፍራዎች ሲያወሳ ዳስ ያላቸውንና የሌላቸውን ለይቶ ይጠቅሳል፤ ሙፈሲሮችም ለመጀመሪያው ወይንን በምሳሌነት ያነሣሉ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ይወዱት እንደ ነበር በሐዲስ የተወራው «ዱብባእ» ደግሞ ቅል ነው። ዛሬ ዱባ የምንለው ተክል ከአሜሪካ ምድር ወደ ሌላው ዓለም የተሰራጨው ከ1492 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነውና።

ወደ ሥራው እንግባ። መወጣጫው መቆም ያለበት ዘሩ ከመዘራቱ በፊት ነው። ተክሉ ካደገ በኋላ ጉድጓድ መቆፈር ሥሩን ይቆርጣል፤ የተጠላለፈውን ሐረግ ለማንሣት መሞከርም ይሰብረዋል። አቅጣጫው ከሰሜን ወደ ደቡብ ቢሆን አንደኛው ጎን የጠዋቱን፣ ሌላኛው የከሰዓቱን ፀሐይ ያገኛል።

ለቋሚነት የባሕር ዛፍ አጣና ይበቃል። ሁለት ሜትር ተኩል ርዝመት ካለው አጣና ስድሳ ሳንቲ ሜትር ያህሉ መሬት ውስጥ ይግባ፤ ዙሪያው በድንጋይ ተጠቅጥቆ አፈር ይመለስበት። በቋሚና በቋሚ መካከል ያለው ርቀት ከሁለት ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። ከላይና ከታች ማገር ይታሰርና በመካከላቸው ሲባጎ በየሃያ ወይም በየሠላሳ ሳንቲ ሜትሩ ቁልቁል ይወጠራል። ቀጭን ሽቦ ርካሽ መስሎ ቢታይም ነፋስ ሲያወዛውዘው ለጋውን ግንድ ስለሚቆርጥ አንመርጠውም።

ጥልቀቱን አጥብቀን የምንናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። በነሐሴ ዝናብ የራሰ ሐረግ እጅግ ይከብዳል፤ ነፋስ ሲመታውም እንደ ሸራ ይወጠራል። በአንድ ክንድ ጉድጓድ የቆመ አጣና ይህን አይችልም፤ ሥሩ ደግሞ ልጆች ይጫወታሉ። ምስጥ ባለበት አካባቢ አደጋው የባሰ ነው። አባቶቻችን መሬት የሚገባውን ጫፍ በእሳት ይለበልቡት ነበር፤ ይህ ምስጡን ጥቂት ያዘገየው እንደ ሆነ እንጂ አያስቀረውም። የተቃጠለ የመኪና ዘይት መቀባትን ግን በሚበላ አትክልት ሥር ፈጽሞ አንመክርም። ከሁሉ የሚሻለው በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ እያንዳንዱን ቋሚ ነቅንቆ መፈተሽ፣ የላላውንም መለወጥ ነው።

በኪራይ ቤት ለሚኖሩ፣ ነገ ውጡ ሊባሉ ለሚችሉ ቤተሰቦች፣ ሌላ ዘዴ አለ። አራት የቀርከሃ ዘንጎች ጫፋቸው በአንድነት ታስሮ እንደ ድንኳን ይቆማሉ፤ እግራቸው ሠላሳ ሳንቲ ሜትር መሬት ውስጥ ይገባል። ሚስማር አያስፈልገውም፤ ሲለቁ ተፈትቶ በትከሻ ይሄዳል። ለዱባ አይሆንም፤ ለአደንጓሬና ለአተር ግን ደኅና አድርጎ ያገለግላል።

መወጣጫውን ከጭቃ ቤት ግድግዳ ጋር ማያያዝ አይገባም። ቅጠሉ እርጥበት ይዞ ልስኑን ያራግፋል፤ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ይራቅ። የጎረቤትን አጥር መደገፊያ ማድረግም ያለ ፈቃዱ አይቻልም፤ የጎረቤት ሐቅ ከባድ ነው። ፈቃድ ከተገኘም በእርሱ በኩል የተንጠለጠለውን ፍሬ እንዲቀጥፍ አስቀድሞ መናገር ብዙ ቅሬታ ያስቀራል።

የአወጣጣቸው ነገር ይለያያል። አደንጓሬ ራሱ ግንዱ ይጠመጠማል፤ ከላይ ሆነን ስንመለከተው ሰዓት ከሚዞርበት አቅጣጫ በተቃራኒው ይዞራል። ለጋውን ስንረዳው በዚያው አቅጣጫ እንጂ በግልባጩ ብንጠመጥመው ተፈትቶ ይወድቃል። ኪያር፣ ቅልና ዱባ ቀጫጭን ጅማት ልከው ሲባጎውን ይጨብጣሉ። ቲማቲም ግን ራሱን አይዝም፤ በለስላሳ ጨርቅ ቁራጭ በ8 ቁጥር ቅርጽ፣ ግንዱ ሳይታነቅ፣ እያደገ በሄደ ቁጥር ይታሰርለት። የከበደ ዱባ የተንጠለጠለ እንደ ሆነም በአሮጌ ሻሽ ተደግፎ ከላይኛው ማገር ላይ ይታሰራል። ዘር ስትገዙ መጠየቅን አትርሱ፤ አጭር ሆኖ የሚቀር የአደንጓሬ ዝርያ አለና፣ ያንን ዘርቶ መወጣጫ ማቆም ከንቱ ድካም ነው።

በለጋነቱ የሚበላው ፎሶሊያ ማፍራት ሲጀምር በየሁለትና በየሦስት ቀኑ ይለቀም። ዘሩ ጎምርቶ ከደረቀበት ተክሉ ሥራዬን ፈጸምኩ ብሎ ማበቡን ያቆማል። ከፍ ያለውን እናቶች፣ ዝቅ ያለውን ልጆች ይልቀሙ፤ ቋሚው ላይ መንጠላጠል ግን አይፈቀድላቸውም። ወቢላሂ ተውፊቅ።