የመስኮት ጥላና የፈተና ምስል
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ ጥቃቅን ይመስላል፤ ይኸውም በኮምፒዩተር ማሳያ ላይ ስለሚታየው የመስኮት ጥላ፣ ስለ ምናሌው ቀስ ብሎ መከሠትና እንደ መስታወት ከኋላው ያለውን ስለ ማሳየቱ ነው። ሌላው ሰው ጌጥ ነው ብሎ ያልፈዋል፤ እኛ ፕሮግራም የምንፈትሽ ሰዎች ግን ልናልፈው አንችልም።

እንደሚታወቀው አንድ ፕሮግራም በተሻሻለ ቁጥር ገጾቹን ሁሉ ሰው ቁጭ ብሎ ሊመረምር ስለማይችል፣ ሥራውን ለሌላ ፕሮግራም እንሰጠዋለን። እርሱም የማሳያውን ፎቶ እያነሣ ቀድሞ ትክክል ነው ተብሎ ከተቀመጠው ምስል ጋር ፒክሰል በፒክሰል ያስተያያል፤ ልዩነት ሲያገኝ «ወድቋል» ይላል።

ቀድሞ መስኮቱ በቀጥታ በማሳያው ላይ ይሣል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 ማክ ኦኤስ ኤክስ፣ በ2007 ደግሞ ዊንዶውስ ቪስታ ሲወጡ ግን እያንዳንዱ መስኮት በራሱ ሜሞሪ ውስጥ ይሣልና፣ አንድ አቀናባሪ ፕሮግራም ጥላና ብርሃን ጨምሮ ሁሉን ያዋሕዳቸው ጀመር። ከዚህ የተነሣ የመስኮቱ ጠርዝ የራሱ ብቻ መሆኑ ቀረ። በቪስታ የመስኮቱ አናት ከስተኋላው ያለውን አደብዝዞ ያሳይ ስለነበር፣ የጀርባው ሥዕል ሲለወጥ የፈተናው ምስልም አብሮ ይለወጥ ነበር። በዊንዶውስ 10 መስኮቱ የማይታይ ጠርዝ አለው፤ ፈታሹ በተነገረው ስፋት ልክ ፎቶ ሲያነሣ በግራ፣ በቀኝና በግርጌ የጎረቤትን ቁራጭ ይዞ ይመጣል። አቀናባሪውን መዝጋት ደግሞ ከዊንዶውስ 8 (2012) ወዲህ ቀርቷል።

እኔ በሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት ፈተናው ሌሊት ሌሊት በጥላና ባልተጠናቀቀ የምናሌ እንቅስቃሴ ምክንያት ይወድቅ ነበር። በመጨረሻ ተሰላቸንና ከመቶ አንድ እጅ ልዩነት እንዲታለፍ አደረግን፤ ውሳኔውን ያጸደቅሁትም እኔ ነበርሁ። ሰላም ወረደ። ከሳምንታት በኋላ አንድ ደንበኛ ደወለ፤ በሒሳብ ሰነዱ ገጽ ላይ የድምሩ የመጨረሻ አኃዝ ተቆርጦ ይታይ ነበር። ፎቶዎቹን ብናወጣ ጉድለቱ በሁሉም ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ፈተናው ግን «አልፏል» ብሏል። ያን ጊዜ አሰላነው። 1920 በ1080 የሆነ ማሳያ 2,073,600 ፒክሰል አለው፤ ከመቶ አንዱ 20,736 ነው። አንድ አኃዝ ደግሞ 10 በ16፣ ማለትም 160 ፒክሰል ይበቃዋል። ስለሆነም 129 አኃዞች ቢጠፉም ፈታሻችን ቃል አይተነፍስም ነበር!

ከዚያ ወዲህ የሚታለፈውን ልዩነት ወደ ዜሮ መልሰን አካባቢውን ማስተካከል ያዝን። እንቅስቃሴውንና ጥላውን ከምርጫው አጠፋን፤ ጀርባውን አንድ ቀለም አደረግነው። በሊኑክስ ላይ ማሳያውን በሜሞሪ ውስጥ ብቻ በሚፈጥረው ኤክስቪኤፍቢ እንሠራለን። የኦፕንሱሴ ፕሮጀክት የሚጠቀምበት ኦፕንኪውኤ መላውን ማሳያ ሳይሆን ምልክት የተደረገበትን ቦታ ብቻ ያስተያያል፤ በበኩሌ ከሁሉ የምመርጠው ይህን ዘዴ ነው።

ይሁን እንጂ ተጠቃሚው የሚያየው ጌጡን የለበሰውን ማሳያ እንጂ የእኛን ራቁቱን አይደለም። ስለዚህ አንድ ማሽን ጌጡ ሁሉ እንደ በራ ትተን፣ ፕሮግራሙ ከመሰራጨቱ በፊት አንድ ሰው በዓይኑ እንዲመለከተው አድርገናል። ይህን ተራ ወድዶ የሚቀበል ባልደረባ ግን እስካሁን አላገኘሁም።