መዶሻም ማዑን ነው

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።

አንድ ወንድማችን ኒካሕ አስሮ አዲስ ጎጆ ሲወጣ ምን ይዘን እንሄዳለን? አብዛኞቻችን ብርጭቆና ቴርሞስ እንገዛለን። ብርጭቆው ከሌላው ብርጭቆ ጋር ከነካርቶኑ አልጋ ሥር ይገባል። በሳምንቱ የቧንቧው ጎማ አልቆ ውኃ ይንጠባጠባል፤ የበሩ እጀታ ይላላል። ሙሽራው በጫማው ተረከዝ ሚስማር ይመታል።

አነስ ኢብን ማሊክ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉትንና አቡ ዳውድ የዘገቡትን ታሪክ እናስታውስ። አንድ የአንሷር ሰው ሊለምን ወደ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) መጣ። በቤቱ ያለው አንድ ምንጣፍና አንድ የውኃ መጠጫ ብቻ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሁለቱን በጨረታ በ2 ዲርሃም ሸጡለት። በአንዱ ለቤተሰቡ ምግብ፣ በሌላው መጥረቢያ እንዲገዛ አዘዙት። እጀታውን በተከበረ እጃቸው ገጠሙለትና እንጨት ቆርጦ እንዲሸጥ ላኩት። ከ15 ቀን በኋላ 10 ዲርሃም ይዞ ተመለሰ። ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶቻችንን የሚያውቅ ሰው የዚያች መጥረቢያ ትርጉም ይገባዋል። ሰውየው መሣሪያ አገኘ፤ ከልመናም ዳነ።

ቁርኣን ውስጥ 107ኛዋ ምዕራፍ ሱረቱል ማዑን ትባላለች። በመጨረሻ ከምትወቅሳቸው ሰዎች መካከል ማዑንን የሚከለክሉ ይገኙበታል። ከዑለማዎች ማዑንን ዘካ ነው ያሉ አሉ። ዐብዱላህ ኢብን መስዑድ (ረ.ዐ.) ግን ሰዎች የሚዋዋሱት ዕቃ፣ እንደ መጥረቢያ፣ ድስትና ባልዲ ያለው ነው ብለዋል። ታዲያ የዛሬው መዶሻና ካቻቢቴስ ከዚህ በምን ይለያሉ?

ወገኖቼ! ሾላ ገበያ ለቅቤና ለበርበሬ ስንወርድ ወደ ሕንፃ መሣሪያ ሱቆችም ጎራ እንበል። ለአንድ ቤት የሚበቃው ብዙ አይደለም፦ መዶሻ፣ ፒንሳ፣ ጠፍጣፋና ኮከብ ካቻቢቴ፣ አፉ የሚጠብና የሚሰፋ መፍቻ፣ ሜትር፣ ቴስተር፣ ናስትሮ፣ ቴፍሎን፣ የቧንቧ ጎማ፣ ሚስማርና ብሎን በየመጠኑ፣ የእጅ ባትሪ። ክዳን ያለው ንጹሕ የቀለም ባልዲ ሣጥን ይሆናል። አንድ ሰው ካልቻለ ሦስት አራት ጓደኛሞች አዋጥተው ይግዙ።

ስንገዛ እንፈትሽ። መዶሻውን ወዝውዙት፤ ራሱ ከእጀታው ላይ መነቃነቅ የለበትም። ፒንሳውን ግጠሙና ወደ ብርሃን አዙሩት፤ ጥርሶቹ ይገጥማሉ? የካቻቢቴውና የቴስተሩ ፕላስቲክ የተሰነጠቀ እንዳይሆን።

እዚህ ላይ ነጋዴ ወንድሞችና እህቶች ይስሙን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ከእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ከትተው እርጥበት ባገኙ ጊዜ፣ የሚያታልል ከእሳቸው ወገን አለመሆኑን ተናግረዋል። እርጥብ እህል ገንዘብ ያከስራል፤ የተሰነጠቀ ቴስተር ግን 220 ቮልት ላይ ነፍስ ያጠፋል። ነውሩን ደብቆ የሸጠ ሰው በአላህ ፊት ምን ይመልሳል?

ስጦታው ከነአያያዙ ይሰጥ። ቧንቧ ከመፍታት በፊት ዋናው የውኃ መዝጊያ ይዘጋ። ሶኬት ከመንካት በፊት ብሬከሩ ይውረድ። ቴስተሩ አስቀድሞ ኃይል እንዳለው በሚታወቅ ሶኬት ይሞከር፤ የተበላሸ ቴስተር አይበራምና ኃይል ያለውን ሽቦ የሌለው ያስመስላል። ከዚህ ያለፈውን፣ በተለይ የቆጣሪውን ጉዳይ፣ ለባለሙያ እንተው።

በመጨረሻም ባለቤቱን አደራ እንበለው፦ ጎረቤት መዶሻ ሲጠይቅህ፣ ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን፣ ፊትህን አታጥቁር። ተዋሹም አደራ አለበት፤ በወቅቱና በደህና ይመልስ። አንዳንዱ ስላልተመለሰለት ብቻ ደጁን ዘግቷል፤ የዚህ ጥፋት የሁለቱም ነው።

ኒያችን ለአላህ (ሱ.ወ.) ከሆነ፣ በዚያ መዶሻ የሚጠገነው የጎረቤት በር ሁሉ ለሰጪውም አጅር እንዲሆን እንከጅላለን። አላህ ማዑንን ከማይከለክሉት ያድርገን፤ አሚን።