የወደቀ ቅጠል ወዴት ይሂድ?

(በአምደወርቅ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ትልቅ ነገር አይደለም፤ ስለ ቅጠል ነው። በየጧቱ ከግቢያችሁ ስለምትጠርጉት፣ በማግሥቱ ደግሞ ተመልሶ ስለሚሞላው ደረቅ ቅጠል ነው። «ለቅጠል ደግሞ ስብሰባ ይጠራል እንዴ?» የሚል ይኖር ይሆናል። ትንሽ ይታገሠኝ።

በመጀመሪያ፣ ቅጠል ለምን ይረግፋል? በአውሮፓ ብዙ ዛፎች ቅጠላቸውን የሚያረግፉት ብርድና በረዶ ከመምጣቱ በፊት ነው። በእኛ አገር ግን ቅጠል በብዛት የሚረግፈው በበጋ ነው። ዛፍ በቅጠሉ በኩል ውሃ ያወጣል። ዝናቡ ቆሞ መሬቱ እየደረቀ ሲሄድ፣ ዛፉ ውሃው እንዳያልቅበት ቅጠሉን ይቀንሳል። ልክ እንደ ብልህ አባወራ ወጪውን ይቆጥባል ማለት ነው። በጋው እየገፋ ሲሄድ ዋንዛው ሰፋፊ ቅጠሉን በግቢው ያነጥፋል። ባሕር ዛፉ ደግሞ ጊዜ ሳይመርጥ ዓመቱን ሙሉ ያራግፋል።

ይህን ሁሉ ቅጠል ምን እናደርገዋለን? ብዙዎቻችን ጠርገን እንከምርና ክብሪት እንጭርበታለን። መጥረጉ መልካም ነው። የቅጠል ክምር ከቤት አጠገብ ከቆየ እባብና አይጥ ይደበቁበታል። ማቃጠሉስ?

በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር፣ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ላይ ብዙ ሺህ ሰው ፈጀ። «የኅዳር በሽታ» ተባለ። በኋላ አፄ ኃይለ ሥላሴ የተባሉት ራስ ተፈሪም ታመው ድነዋል። ከዚያ ወዲህ በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻና ቅጠል እየሰበሰቡ ማቃጠል ልማድ ሆነ፤ «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው ይህንን ነው። በዚያን ጊዜ ሰዎች አይፈረድም። የሰው ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ተለይቶ የታወቀው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1933 ነውና። በሽታው ከሰው ወደ ሰው በትንፋሽና በሳል እንደሚተላለፍ፣ ጢስም እንደማያግደው ዛሬ እናውቃለን። እንዲያውም ጢሱ ራሱ ሳንባ ይጎዳል። እንግዲህ ከዚያ ልማድ ጽዳቱን እንያዝ፤ ጢሱን እንተው።

ሌላም ጉዳት አለ። ዛፍ ሥሩን ወደ ታች ሰድዶ ከአፈር ውስጥ ምግብ ያወጣል። የዚያ ምግብ አንዱ ክፍል ቅጠሉ ውስጥ ነው ያለው። ቅጠሉ ቢበሰብስ ምግቡ ወደ አፈር ይመለሳል። ሜዳ ላይ ቢቃጠል ግን ሰብል የሚያለመልመው ናይትሮጅን ከጢሱ ጋር ይሄዳል፤ አመዱንም ንፋስ ይበትነዋል።

የዋግ መሬት ተዳፋት ነው፤ አፈሩን ጎርፍ ወደ ተከዜ ሲያጥበው ኖሯል። የ1977 ዓ.ም. ድርቅ በዚህ አገር ያደረሰውን ያዩ ሰዎች ከመካከላችሁ አሉ፤ ለእነሱ እኔ የምነግራቸው የለኝም። ቅጠል ድርቅን አያስቀርም። ነገር ግን ብስባሽ ያለበት አፈር ርጥበት ይዞ ይቆያል። ዝናብ ቀድሞ በወጣ ዓመት ደግሞ፣ ጥቂት ቀን የምትቆይ ርጥበት ፍሬና ገለባን ትለያለች።

አሁን የራሴን ስሕተት ልናገር። ከዚህ በፊት ይህንኑ ነገር ስናገር አንዲት እናት ብድግ አሉና፣ «ልጄ፣ ቅጠሉንም ቅበሩ፣ ኩበቱንም ቅበሩ ትላለህ። ታዲያ እንጀራውን በምን ልጋግረው? በንግግርህ?» አሉኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ መልስ አልነበረኝም።

ጉድጓዴም አሳፈረኝ። በጥር ወር ቆፍሬ የባሕር ዛፍ ቅጠል ብቻ ሞላሁበት፤ ውሃም የለ፣ እርጥብ ነገርም የለ። ከ3 ወር በኋላ ስከፍተው ቅጠሉ እንደ ገባ ወጣ። እኚያው እናት መጥተው አዩና፣ «ይኼ እኮ የምጣድ ቅጠል ነው እንጂ የጉድጓድ አይደለም» አሉኝ።

ለካስ መልሱ እሳቸው ዘንድ ነበር። ባሕር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባ የአውስትራሊያ ዛፍ ነው። ቅጠሉ ዘይት አለው። ስለዚህ ቶሎ አይበሰብስም፤ ሲበዛም የሌላውን ዘር መብቀል ያዳክማል። ነገር ግን በዚያው በዘይቱ ምክንያት ጥሩ አድርጎ ይነዳል። የአዲስ አበባ ሴቶች ከእንጦጦ ቅጠሉን በጀርባቸው ተሸክመው ሲወርዱ የኖሩት ለዚህ ነው። እንግዲህ ቅጠሉን እንለይ። የባሕር ዛፉ ወደ ምድጃ፣ የዋንዛውና ሌላው ለስላሳ ቅጠል ወደ ጉድጓድ። በሳምንት አንድ ቀን በባሕር ዛፍ ቅጠል ብንጋግር፣ የዚያን ቀን እበት ለጉድጓዱ ይተርፋል። ቅጠሉ ቶሎ ስለሚነድ አጠገቡ ተቀምጦ መማገድ ግን ይጠይቃል።

አሠራሩ እንዲህ ነው።

አንደኛ፣ በበጋ የምንጠርገውን ቅጠል ከቤትና ከእሳት ራቅ ባለ ጥግ እናጠራቅም። ንፋስ እንዳይወስደው እሾህ እንጣልበት።

ሁለተኛ፣ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት፣ አረሙ ሳይደርቅ፣ ጥላ ሥር ጉድጓድ እንቆፍር። ወርዱም ጥልቀቱም 1 ሜትር ያህል ይበቃል። በክረምት ከሆነ ውሃ ይሞላዋል፤ በበጋ ከሆነ እንደኔው ይደርቃል።

ሦስተኛ፣ ደረቅ ቅጠልና ገለባ፣ በላዩ እርጥብ አረም፣ በላዩ እበትና ጥቂት አፈር፣ ትንሽም የምድጃ አመድ እያልን እንደርድር። እያንዳንዱን ድርብ ውሃ እንርጨው። እናቶች ከሩቅ የሚሸከሙት ውሃ ይፍሰስ አልልም፤ የእህልና የዕቃ እጣቢ ይበቃዋል።

አራተኛ፣ መካከሉ ላይ ረጅም ዱላ ተክለን ከላይ በጭቃ እንምረገው። ከሳምንት በኋላ ዱላውን መዝዘን እንዳስሰው። ሞቅና ራስ ካለ ሥራው ሰምሯል። ደረቅ ከሆነ እጣቢ እንጨምር። በወሩ እናገላብጠው። በ3 ወይም በ4 ወር ጠቁሮ ይፈረፈራል፤ ሽታውም የመልካም አፈር ሽታ ይሆናል። እስከ እርሻ ወቅት ሸፍነን እናቆየው። ማሳ ላይ ስንበትነውም ፀሐይ እንዳያደርቀው ወዲያው በማረሻ እናልብሰው።

ይህ ተሞክሯል። በጎረቤታችን በትግራይ ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ ከገበሬዎች ጋር ይህን ሥራ ጀምረው ነበር። ብስባሽ ያገኘው ማሳ ምንም ካላገኘው ማሳ እጥፍ ያህል ምርት የሰጠበት ጊዜ ብዙ ነው። መሬቱ እንደ እኛው ተራራማና የተራቆተ ነበር።

አንድ ጉድጓድ አንድን ማሳ ሁሉ አያጠግብም። በጓሮው ጎመንና በርበሬ፣ ከማሳውም በአንዲት ጥግ እንጀምር። ዘንድሮ አንድ፣ ለከርሞ ሁለት እያልን እንሂድ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለም?

ነገ ጧት መጥረጊያችሁን ስታነሡ ክብሪቱን ለምድጃ ተዉት። ቅጠሉን ለዩት። እኔን ያረሙኝ እናት ዛሬም እዚህ ተቀምጠዋል፤ የተሳሳትኩት ካለ አሁንም ያርሙኝ።