ቱርቦው ከመቀየሩ በፊት

በባሕር ዳር ለሰበካ ጉባኤ ተወካዮችና ለገዳማት መጋቢዎች የቀረበ ንግግር



በዚህ ጉባኤ ስለ ሞተር ዘይት ልንናገር መቆማችን ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን በታና ዙሪያ የአንድ አጥቢያ መኪና ሲቆም ምጥ የያዛት እናት ወደ ሆስፒታል የምትደርስበት መንገድም ይቆማል፤ ለውኃ ጉድጓዱ የሚጫነው ሲሚንቶም ይቆማል። ለጥገና የሚወጣውም ምእመናን ከአሥራታቸውና ከስእለታቸው የሰጡት ገንዘብ ነው።

ከራሳችን ስሕተት እንጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የሥራ መኪናችን ከዘጌ ስትመለስ ሰማያዊ ጭስ ማውጣት ጀመረች። የወሰድንበት ጋራዥ «ቱርቦው አልቋል» አለን፤ እኛም ምክንያቱን ሳንጠይቅ አዲስ ገዝተን አስገጠምን። ወር ሳይሞላ ጭሱ ተመለሰ። ሁለተኛው መካኒክ ግን አስቀድሞ ከቱርቦው ዘይት የሚመለስበትን ቱቦ ፈታ። ቱቦው በተቃጠለ ዘይት ጥቀርሻና ቀድሞ ጓርኒሲዮን ሲታሰር በተረፈ ሲሊኮን ከግማሽ በላይ ተደፍኖ ተገኘ። ቱቦው ጸድቶ፣ በአየር መንገዱ የተጠራቀመው ዘይት ሲያልቅ ጭሱ ጠፋ። ለቱርቦ የከፈልነው ገንዘብ ግን አልተመለሰም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቱርቦ በሚወጣው ጭስ ኃይል እየተሽከረከረ ለሞተሩ አየር ጨምቆ ይሰጣል። ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ በሆነው በዚህ አገር አየሩ ስስ ስለሆነ አገልግሎቱ ታላቅ ነው። ዘንጉ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ሊዞር ይችላል፤ የሚሸከመውም ስስ የዘይት ሽፋን ነው። ዘይቱ በግፊት ይገባል፤ የሚመለሰው ግን በራሱ ክብደት ቁልቁል በመፍሰስ ነው። የመመለሻው ቱቦ ሲደፈን፣ ወይም የሞተሩ መተንፈሻ ተዘግቶ ውስጡ ግፊት ሲበዛ፣ ዘይቱ መሄጃ አጥቶ ወደ አየር መንገዱና ወደ ጭስ ማውጫው ይወጣል። ያን ጊዜ ጤነኛው ቱርቦ በሽተኛ ይመስላል።

ስለዚህ ምርመራው ከቀላሉ ይጀምር። መኪናው በሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ከቆየ በኋላ የዘይቱ ልክ ይታይ። ከልክ በላይ የተሞላ ዘይት ራሱ ያጨሳል። ሳይጨመርበት ከፍ ካለና ናፍጣ ከሸተተ ናፍጣ ገብቶበታል፤ እንደ ወተት ከነጣ ውኃ ገብቶበታል፤ በሁለቱም መኪናው አይነዳ። ቀጥሎ ጭሱ ይታይ፦ ሰማያዊ የዘይት መቃጠል፣ ጥቁር የአየር ማነስ ወይም የናፍጣ መብዛት፣ ሞተሩ ሞቆም የማይጠፋ ነጭ የውኃ ወይም ያልተቃጠለ ናፍጣ ምልክት ነው። ከዚያ መተንፈሻውና የመመለሻው ቱቦ ይፈተሹ። በመጨረሻ ሞተሩ ጠፍቶና ቀዝቅዞ የቱርቦው ዘንግ በእጅ ይነካ። ጥቂት የጎን ንቅናቄ ያለ ነው፤ ክንፉ ግድግዳውን ከነካ ግን ቱርቦው ተጎድቷል። ሁሉም ደኅና ሆኖ ጭሱ ከቀጠለ የፒስተን ፋሻ ይመርመር።

አንድ አደጋ አትዘንጉ። ብዙ ዘይት ወደ አየር መንገዱ ከገባ ሞተሩ የራሱን ዘይት እያቃጠለ ይጮኻል፤ ቁልፍ ቢዘጋም አይጠፋም። ሾፌሩ ፍሬን አጥብቆ ይዞ፣ በከፍተኛው ማርሽ ፍሪሲዮን ለቆ ያፍነው፤ ሰዎችም ከሞተሩ ይራቁ።

ከእናንተ የምንለምነው ጥቂት ነው። ለየመኪናው የዘይት መዝገብ ይኑር። ሾፌሩ ከረጅም ጉዞ ሲደርስ ሞተሩን ከማጥፋቱ በፊት አንድ ሁለት ደቂቃ ያቆየው። ኮሚቴው የቱርቦ መግዣ ከመፍቀዱ በፊት «የመመለሻው ቱቦ ተፈትቶ ታይቷልን? መተንፈሻውስ? የመጀመሪያው ቱርቦ የተጎዳበት ምክንያት ታውቋልን?» ብሎ ይጠይቅ። አዲስ ቱርቦ መግባት ካለበትም ዘይቱና ፊልትሮው አብረው ይቀየሩ፤ የመግቢያው ቱቦ ይጽዳ።

የተቀየረውም ዘይት በጀሪካን ይከማች እንጂ ወደ ሐይቁ በሚወርድ ቦይ አይፈስስ። ታና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ከዚያ አስቀድሞም የገዳማቱና የዓሣ አጥማጆቹ ውኃ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።